እንሶስላ የሞቀችው እንግዳ

ባለፈው ዓመት ለለቅሶ ደብረ ብርሃን ሄጄ፣ የተሳፈርኩባት ባጃጅ መንገድ ተዘግቶባት አንድ ቦይ አጠገብ ቆመች። ሠራተኞች ለውኃ ቱቦ መሬት እየቆፈሩ ነበር። ጥቁር፣ ከነሣሩ የተገለበጠ፣ ውኃ የጠገበ አፈር ነው። ሽታው አፍንጫዬን ሲመታኝ «እዚሁ አውርደኝ» አልኩት ሾፌሩን። «እማማ፣ ለቅሶ ቤቱ ገና ነው እኮ!» አለኝ። ወረድኩና ቦዩ አፋፍ ላይ ቆሜ እንደ ሞኝ አሸተትኩ። ለቅሶ ቤት ስደርስ ዓይኔ እንባ አቅርሮ ስለነበር ሰዎቹ ከልቤ ያዘንኩ መሰላቸው። እውነቱን ልናገርና፣ ስለ አንዲት ወፍ እያሰብኩ ስስቅ ነው የመጣሁት።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ዘመኑ ሃምሳዎቹ መግቢያ ላይ ነው፤ ቤታችን እዚያው ደብረ ብርሃን፣ ከደሴ መንገድ ትንሽ ገባ ይላል። ያሳደጉኝ እናቴና የእናቴ አባት፣ አባባ ሸዋንግዛው ናቸው። እናቴ ገበያ ጨው ትሸጣለች። አባባ ገበሬ ናቸው፤ ስማቸው የታወቀው ግን በእርሻ ሳይሆን በክትር ነው። በየዓመቱ ጥምቀት ሲቃረብ ታቦቱ የሚወርድበትን ውኃ የሚከትሩት እሳቸው ነበሩ።

በጥር ወር ያቺ የኛ ጅረት ፍየል ጉልበቷን ሳታርስ የምትሻገራት ቀጭን ነገር ናት። ስለዚህ አባባ ከበዓሉ ሰባት ስምንት ቀን አስቀድመው ሰው ይዘው ይወርዳሉ። ሣር ያለበትን አፈር በዶማ እየቆረጡ፣ አንዱን ሣሩን ወደ ታች፣ አንዱን ወደ ላይ እያደረጉ ይደረድራሉ፤ ከዚያ በባዶ እግራቸው ይረግጡታል። እኛ ሴት ልጆቹ በየቀዳዳው የሚወተፍ ጭቃ እናቀብላለን። አባባ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲከትሩ አንድ ቀን ውኃ አምልጧቸው አያውቅም። ሰዉም «የሸዋንግዛው ክትር ምስጢር ይጠብቃል» ይል ነበር። እሳቸው ይህን ሲሰሙ ያልሰሙ መስለው ጢማቸውን ይዳብሳሉ፤ ደስታቸው ግን ከጆሯቸው ጀምሮ ይታወቃል።

ሥራው የሚያልቀው ደግሞ በምላሳቸው ነው። የከተራ ዕለት ቀትር ላይ፣ ሰው ሁሉ ዳር ቆሞ እያየ፣ አባባ ውኃውን በእፍኛቸው ጨልፈው ይቀምሳሉ። ጭቃ ጭቃ ካላለ፣ እበት እበት ካልሸተተ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ልጅ ይልኩና «ውኃው ደርሷል» ያሰኛሉ። ያ ቃል ሳይሄድ ታቦት ከመንበሩ አይነሣም።

በዚያ ዓመት ክትሩ ታስሮ ባደረ በማግሥቱ፣ በጠዋት ከአባባ ጋር ልናየው ወረድን። ውርጩ ሣሩን ነጭ አድርጎታል፤ የውኃው ጠርዝ ስስ በረዶ ይዟል። መሀል ላይ ቀላ ያለ ነገር ቆሟል። ሰው እንጨት ተክሎ ኩታውን የሰቀለበት መሰለኝ። ወዲያው እንጨቱ ታጠፈና ሌላ እንጨት ከጎኑ ወጣ።

«አባባ! እግር አለው!»

«ዝም በይ፣ ትሰማሻለች» አሉኝ በሹክሹክታ። አባባ ሲያንሾካሹኩ ስሰማ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው።

አንገቷ ከእኔ ክንድ ይረዝማል። አፏ ወደ ታች የተቆለመመ ነው፣ ጫፉ ጥቁር። ሰውነቷ ነጣ ብሎ ቀላ ይላል፤ እግሮቿ ግን፣ ወይ ጉድ፣ ከላይ እስከ ታች እንሶስላ የሞቀች ሙሽራ እግር ነው የሚመስሉት። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ስሟ እንሶስላ ሆነ። ዛሬ ፍላሚንጎ እንደምትባል አውቃለሁ፤ ያኔ ማንም አያውቅም ነበር። ጭንቅላቷን ዘቅዝቃ ውኃ ውስጥ ስትነክር አንገቷ የተሰበረ መስሎኝ ጮኽኩ። ጩኸቴን ሰምታ ቀና አለችና ገላመጠችኝ፤ አንገቷም ደኅና ነበር።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ከተማ ገባ። ረፋድ ላይ ትምህርት ቤቱ ባዶውን ቀረ፤ መምህራችንም ተማሪ ፍለጋ መጥቶ እዚያው ከእኛ ጋር ቆሞ ቀረ። እኔ ቀድሜ ያየኋት በመሆኔ ለመጣው ሁሉ አስረጂ ሆኜ ነበር። አንዱ የበረከት ምልክት ናት ይላል፣ አንዱ የጦር። ልጆች ቆርቆሮ መቱባት፣ ጓል ወረወሩባት። እንሶስላ ግን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ጥግ ፈቀቅ ከማለት በቀር አልበረረችም። ክንፏ ተሰብሯል ተባለ።

ነገሩን ከጨዋታ ያወጡት ባሻ ይልማ ናቸው። ባሻ ጎረቤታችን ናቸው፤ ጣልያንን የተዋጉበት ጠመንጃ ያኔም ከትከሻቸው አይወርድም ነበር። የደብሩ አለቃ መጥተው ወፏን አዩና፣ «ታቦት የሚወርድበትን ውኃ በኩሷ እያቆሸሸች መቆየት አትችልም፤ እስከ ከተራ ቀትር ትነሣ» ብለው ሄዱ። ባሻ ደግሞ፣ «በፈቃዷ ካልተነሣች በአንዲት ጥይት አነሣታለሁ፤ ክንፈ ሰባራ ለጅብ ከሚሆን ይሻላል» አሉ። ሰዉ እውነት ነው እያለ ራሱን ነቀነቀ። አባባን ቀና ብዬ አየኋቸው፤ ጎንበስ ብለው ግድባቸውን ይደባብሳሉ። ከጥይቱ ይልቅ ይህ አናደደኝ።

በዚያ ምሽት ጋሽ ሰይድ መጣ። ጋሽ ሰይድ የወሎ ሰው ነው፤ ባለ ተሳቢ መኪና እየነዳ ከአሰብ አዲስ አበባ ይመላለሳል። ለእናቴ ጨው የሚያመጣላት እሱ ነው። የጣርማ በርን ዋሻ ወጥቶ ደብረ ብርሃን ሲገባ ብርዱ ስለሚያንዘፈዝፈው፣ ገና ከመኪናው ሳይወርድ «እትዬ፣ ያቺን ባና!» ብሎ ይጮኻል። የሱፍ ባናዋን ተከናንቦ ሾርባውን ሲጠጣ ስለ ወፏ ነገርኩት። አላመነኝም። ጠዋት እጁን ይዤ ጎተትኩት።

ገና ሲያያት ከልቡ ሳቀ፤ ሩቅ አገር ዘመዱን እንዳገኘ ሰው። «ያ ረቢ! አንቺ እዚህ ብርድ ውስጥ ምን ትሠሪያለሽ?» አላት።

«ታውቃታለህ?»

«አውቃታለሁ ወይ! አገሯ እኮ አሰብ ነው። ከከተማው ወጣ ስትዪ ባሕሩ ይሸሽና ጭቃው ሜዳ ይሆናል። ጉልበት የማይደርስ ውኃ ነው፣ ዓይንሽ እስኪደክም ድረስ። ጨውም የሚመረተው እዚያው አጠገብ ነው። እዚያ ላይ እሷን የመሰሉ፣ ወላሂ ቁጥር የላቸውም። ከሩቅ መሬቱ የቀላ ይመስልሻል። እኔ ጥሩምባዬን ስነፋ መሬቱ ብድግ ብሎ ይሄዳል!»

አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ብድግ ብሎ የሚሄድ መሬት! ባሕር አይቼ ስለማላውቅ፣ የጋሽ ሰይድን ባሕር የኛን ክትር አንድ መቶ ጊዜ ደራርቤ ነበር የማስበው፤ አንድ መቶ አባባዎችም ዳር ዳሩን ይረግጣሉ።

«ምን ትበላለች?»

«ጭንቅላቷን ዘቅዝቃ ውኃውን በአፏ ታጣራለች፤ እናትሽ ዱቄት በወንፊት እንደምትነፋው። ጨው ውኃ ውስጥ የምትኖር፣ ከጤፍ ትንሽ ከፍ የምትል ቀይ ነፍሳት አለች። እሷን ነው የምትለቅመው። ይሄ ቅላቷም ከዚያ የመጣ ነው፤ ካጣችው ቀለሟ ይለቃል።»

«እዚህስ?»

«እዚህማ ጨው ውኃ የት አለና!» አለና ሳቀ። ከተራ ዕለት እመለሳለሁ ብሎ ወደ አዲስ አበባ ነዳ።

እሱ ሄደ፤ ቃሉ ግን እኔ ጋ ቀረ። ነገሩ እንዲህ ቀላል ነበር ለካ! ወፏ ክንፏ አልተሰበረም፤ ጨው አጥታ ደክማ ነው። ጨው ደግሞ እኛ ቤት በጆንያ ተደርድሯል። ቀይዋን ነፍሳት ረሳኋት፤ ወይም ጨው ካለ እሷም ከየትም ትመጣለች ብዬ ይሆናል። ደስታዬን መያዝ አቃተኝ፤ ለማንም እንዳልናገር ምላሴን ነክሼ ዋልኩ።

እናቴ ጠዋት ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ ቁና ሙሉ ጨው ዘገንኩ። በነጠላዬ ሸፍኜ እየሮጥኩ ወረድኩና እንሶስላ የምትወደው ጥግ ላይ ደፋሁት። ያ የባሕር ጨው ድንጋይ ድንጋዩ የበዛ ነው፤ እየተንቦጫረቀ ገባ። መጀመሪያ ሸሸች። ቀስ ብላ ተመለሰችና ጭንቅላቷን ዘቅዝቃ ነከረች። በዚያው ፀሐይ ወጣች፤ ላባዋ እሳት መሰለ። «ቀላች! እመብርሃን፣ ቀላች!» ብዬ ብቻዬን ዘለልኩ። ቅላቱ የፀሐይ መሆኑን ለማወቅ ስንት ዓመት እንደፈጀብኝ አልናገርም።

በማግሥቱ ሁለት ቁና፣ በሠልስቱም ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። ጆንያው ወገቡ ጎደለ፤ እናቴ እንዳታውቅ ውስጡን ጭድ ሞልቼ ከላይ ጨው ነሰነስኩበት። ነጠላዬ ደርቆ እንደ ቆዳ ተንኳኳ። እንሶስላ ግን አሁንም አልበረረችም። ውኃው በየቀኑ እየሞላ ሆዷን ነክቷል፤ ከጥግ ጥግ መዋኘት ጀምራለች። ትንሽ ብቻ ነው የቀራት፣ አንድ ቁና ብቻ፣ እያልኩ ራሴን አጽናናሁ።

ከተራ ደረሰ። ሰዉ ነጭ ለብሶ ክትሩን በሦስት ወገን ከብቦታል፤ በአራተኛው የአባባ ግድብ አለ። ባሻ ይልማ አዲስ ተፈሪ ሱሪያቸውን ለብሰው፣ ጠመንጃቸውን ወልውለው ከፊት ቆመዋል። የጋሽ ሰይድ መኪና መንገድ ዳር ቆመና እሱም ወረደ። አባባ እጅጌያቸውን ሰብስበው ጎንበስ አሉ። ጨለፉ፤ ቀመሱ።

ፊታቸው ተለወጠ። ሦስት እርምጃ ፈቀቅ ብለው እንደገና ቀመሱ። እኔ በዚያች ቅጽበት ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ምላሳቸው ያሰብኩት። ወፏን እንጂ ቀማሹን አስቤ አላውቅም ነበር።

ቀና ብለው ሰዉን አንድ በአንድ ቃኙና እኔ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። «ብርቄ፣ ነይ» አሉኝ። ነጠላዬን ሰብስቤ ሄድኩ። የነጠላዬን ጫፍ ያዙና ላሱት።

«ለምን?» አሉኝ፣ እኔ ብቻ እንድሰማቸው አድርገው።

«ቀለሟ እንዳይለቅ… በርትታ እንድትበር…» አልኩና ለቅሶዬን ለቀቅኩት። ጋሽ ሰይድ ተጠግቶ ኖሮ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። «አባባ፣ ልጅቷን አይቆጡ፣ ጥፋቱ የእኔ አፍ ነው! ብርቄ፣ ጨው አይደለም የጎደላት። ይህች ወፍ እንደ ድንቢጥ ከቆመችበት ብድግ አትልም። ውኃ ላይ እየሮጠች፣ ተንደርድራ ነው የምትነሣው። ባሕር ዳር ሜዳው ሁሉ መንደርደሪያዋ ነው። እዚህ ግን ወዴት ትሩጥ? ወዲህ ሰው፣ ወዲያ ግድብ!»

እውነቱን ነው። በጥማድ በሬ ሁለት ዙር የማትሞላ ኩሬ ናት። ያን ያህል ጨው አፍስሼ፣ ወፏ የፈለገችው ትንሽ ቦታ ብቻ ነበር። አፈርኩ፤ ከማፈሬም በላይ ግን ፈራሁ፣ ባሻ ጥይት ሲያጎርሱ አይቻለሁና።

«ወሬው በቃ! ቀትር ሆኗል። ሰው ከወዲያ በኩል ዞር በሉ!» አሉ ባሻ።

«ቆይ» አሉ አባባ። ወደ ጋሽ ሰይድ ዞረው፣ «ምን ያህል ነው የምትሮጠው?» ሲሉ ጠየቁት።

«ከዚህ እስከዚያ ባሕር ዛፍ ቢሆንላት ይበቃታል፣ ኢንሻአላህ።»

አባባ ከግድባቸው በታች ያለውን ጨፌ አዩ። ለጥ ያለ ሜዳ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ በኩል ከበሮ መመታት ጀምሯል። ግድባቸውን አዩ፤ ሠላሳ ዓመት ጠብታ ያላመለጠውን። ጋቢያቸውን አውልቀው እኔ ላይ ጣሉት።

«ባሻ፣ ያንን ዶማ አቀብለኝ።»

«ዶማ? ምን ሊሠራልህ?»

«አቀብለኝ አልኩህ እኮ!»

የመጀመሪያውን ሲመቱ ሰዉ አልገባውም። ሁለተኛውን ሲመቱ አንዲት ሴት «ሸዋንግዛው አበደ!» ብላ ጮኸች። አራተኛው ላይ ግድቡ ተቀደደ፤ የስድስት ቀን ውኃ አንድ ጊዜ ወጣ። በጨፌው ላይ ተንጣለለ፣ ሜዳው ሁሉ ቁርጭምጭሚት በሚደርስ ውኃ አበራ። ሰዉ የበዓል ልብሱን እየሰበሰበ ወደ ዳገቱ ተንጋጋ፤ ጨፌው ሁሉ ባዶ ሆነላት።

እንሶስላ ከውኃው ጋር በቀዳዳው ወጣች። ተንገዳግዳ ቆመች። ሜዳውን አየችና ክንፏን ዘረጋች፤ ከሥሩ እሳት የመሰለ ቀይና ከሰል የመሰለ ጥቁር ወጣ፤ አምስት ቀን ሙሉ ደብቃን የኖረችውን። ከዚያ መሮጥ ጀመረች። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ፣ እግሯ ውኃውን እየመታ። «ሩጪ! ሩጪ!» እያልኩ የአባባን ጋቢ ጭቃ ላይ እየጎተትኩ ከጎኗ ሮጥኩ። ወደቅኩ፣ ተነሣሁ። «በርቺ የኔ እናት! በርቺ!» የሚል ድምፅ ሰምቼ ዞር ስል ባሻ ይልማ ናቸው፤ ጠመንጃቸው ሣር ላይ ተጋድሟል። ባሕር ዛፉ ጋ ልትደርስ ስትል እግሯ ውኃውን መንካት ተወ። አንገቷን ወደፊት፣ እግሯን ወደኋላ ዘርግታ በቅጠሉ ላይ አለፈች፤ በላያችን ዞረችና ወደ ጣርማ በር፣ ወደ ቆላው አቀናች። እልልታው ጆሮ አደነቆረ። እኔ እልልታም አልወጣኝ፤ ጭቃ ውስጥ ተቀምጬ በደስታ አለቀስኩ።

ከበሮው ቀረበ። ያኔ ሁሉም ባነነ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ጥድፊያ ያላየ አያምንም። ባሻ በአዲሱ ሱሪያቸው ጭቃ ይረግጣሉ፣ ጋሽ ሰይድ ከመኪናው አካፋ አምጥቶ አፈር ይቆርጣል፣ ሴቶቹ በቀሚሳቸው ጓል ያቀብላሉ። ቀዳዳው ተደፈነ። ውኃውን ግን ማን በጥድፊያ ይሞላዋል? ታቦቱ በዣንጥላና በእልልታ ታጅቦ ሲደርስ፣ የክትሩ ውኃ የሕፃን ቁርጭምጭሚት አይሸፍንም ነበር።

አለቃ ውኃውን አዩ፤ ከዚያ አባባን አዩ። አባባ በበዓል ቀን እስከ ወገባቸው ጭቃ ሆነዋል።

«አቶ ሸዋንግዛው፣ ምነው ዘንድሮ ውኃው አነሰ?»

እኔ ነኝ ልል አፌን ከፈትኩ። አባባ ጭቃ በሆነ እጃቸው ትከሻዬን ጫን አደረጉኝና ራሳቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እንግዳ ነበረችብን አባታችን፤ እሷን አስቀደምኩ» አሉ። አለቃ ወደ ታቦቱ ዞሩ። ሥነ ሥርዓቱ ቀጠለ፤ በማግሥቱ ጠዋት ለጸበል ውኃው የተቀዳው በጣሳ ነበር።

እናቴ ጭዱን ያገኘችው ገበያ መሀል፣ ደንበኛ ፊት ነው። ቤት መጥታ ጭኔን ቆንጥጣ አነደደችኝ። እየቆነጠጠችኝ ግን፣ «እንደው ስትበር ታምራለች አሉ፤ እውነት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

በቀጣዩ ዓመት ደብሩ ክትሩን ለባሻ ይልማ ሰጠው። አባባ ሲነገራቸው «ደግ» አሉ። እኔ ግን በእኔ ምክንያት ስማቸውን እንዳጡ ስለማውቅ እህል አልወርድ አለኝ። ከተራ ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው በጠዋት ቀሰቀሱኝና አብረን ወረድን። የባሻ ግድብ በአንድ ወገን እያንጠባጠበ ነው፤ ውኃው በቀጭኑ ወደ ጨፌው እየሄደ ተኝቷል። ደስ አለኝ፤ ክፉ ደስታ ነበር።

«አባባ፣ ያፈሳል! ሄጄ ልንገራቸው?»

አባባ ግድቡን አላዩትም። እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ከልለው የጣርማ በርን ሰማይ እያዩ ነበር።

«ተይው ይፍሰስ» አሉኝ፤ «ሰፋ ይበልላት።»